ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን

ሰውዬው ድንጋዩን ከመሬት አነሳና በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ላሰው። ምራቁን እንትፍ አለ፤ ድንጋዩን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንሽ አየውና ወደ ኋላው ወረወረው። ጋሪው አጠገብ እንደ ቆምኩ ክው አልኩ። ሁዳዴ ነበር። ከማታው ሽሮ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም፤ ግን ድንጋይ እስከ መላስ የደረስኩት እኔ አልነበርኩም። ልጆች ሳለን ተረት የሚያወሩልን ሰዎች እጅግ የራቀውን ጊዜ “ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን” ይሉት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ጭቃው ገና ባልደረቀ ማሳ ላይ፣ ያ ዘመን ለዚህ ሽማግሌ ያላለፈለት መሰለኝ።

አሜሪካ የገባሁት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዲቪ ነው። ክረምቱን (የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን) በአንድ የተርኪ ሥጋ ፋብሪካ ቢላ ይዤ ቆሜ አሳለፍኩ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሰዓት ተቀነሰብን። አብሮኝ መስመር ላይ የሚቆም የሶማሌ ልጅ “አንድ ገበሬ ድንጋይ የሚለቅምለት ሰው ይፈልጋል፤ በሰዓት 7 ዶላር” አለኝ። ሳቄ መጣ። ደጀን ላይ የአባቴን ማሳ ድንጋይ ስለቅም ነው ያደግሁት፤ ያውም በነጻ፣ አንዳንዴም በኩርኩም። ለዚህ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርኩት? የቤት ኪራይ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ሄድኩ።

እርሻው ከሴንት ክላውድ ወደ ሊትል ፎልስ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ገበሬው ሰባ ዓመት አልፎታል። በስሜ ጥራኝ አለኝ። የአባቴን ታላቅ የሚያህል ሰው በምን አፌ በስሙ ልጥራ? “ጋሼ” አልኩት። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ ስለማይለይ ከዚያኛው ጣጣ ተገላግያለሁ። እሱ ቃሉ በእኛ አገር “አለቃ” ማለት መስሎት ኖሯል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትርጉሙን ስነግረው “ታላቅ ወንድም? ሰባ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው!” ብሎ ሳቀ። ለውጠው ግን አላለኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። በቆሎ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ይታረሳል። ከዚያ ትራክተሩ ጋሪውን እየጎተተ በሰው እርምጃ ይሄዳል፤ እኛ ግራና ቀኝ ሆነን ከቡጢ የሚበልጠውን ሁሉ እያነሳን እንጭናለን። የሰው ራስ የሚያህለውን አንድ ሰው፣ በግ የሚያህለውን ሁለት ሰው፣ ከዚያ የባሰውን በዲጅኖና በሰንሰለት። ሳትታይ የታለፈች አንዲት ድንጋይ በመኸር ጊዜ የኮምባይነሩን ጥርስ ትሰብራለች፤ የጥርሱ ዋጋ ደግሞ ከእኔ የሳምንት ደመወዝ ይበልጣል። ጋሪው ሲሞላ ማሳው ዳር፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው ክምር ላይ ይገለበጣል። ክምሩ ቤት ያህላል። ከታች ያሉትን አያቱ ፈረስ በሚጎትተው የእንጨት መንሸራተቻ ያመጣቸው ናቸው። መሀሉ የአባቱ ነው፤ ከዚያ በላይ የእሱ፤ ከሁሉ በላይ አሁን የእኔ። “የዓመቱ የመጀመሪያ ምርታችን ይሄ ነው፤ ድርቅ አይነካውም” ይላል ጋሼ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ይህችን ቀልድ የዚያ አገር ገበሬ ሁሉ ይቀልዳታል።

በሦስተኛው ቀን ወገቤ እምቢ ሲለኝ ጠየቅሁት፤ ሦስት ትውልድ የለቀመው ማሳ እንዴት አላለቀም? ጋሼ ተንበርክኮ ጭቃው ላይ በጣቱ ሣለልኝ። በክረምት መሬቱ ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ በረዶ ይሆናል። ድንጋይ ከአፈር ይልቅ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያስወጣ ከሆዱ ሥር ያለው እርጥበት ቀድሞ ይረጋል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣልና ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋዋል። በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት አፈር ከሥሩ ይገባል። በዚህ ዓመት በጣት፣ በሚቀጥለው ዓመት በጣት፣ አንድ ቀን ፀሐይ ያያል።

አባቴ “መሬቱ ድንጋይ ይወልዳል” ይል ነበር። እኛ ቁጣው መስሎን እንስቃለን። የእኛ ማሳ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ እዚያም ድንጋዩ በዚሁ ማበጥና መኮማተር ወደ ላይ ይወጣል። በበረዶም ሆነ በጭቃ፣ ምጡ ያው ነው። ይህንን ለጋሼ ለማስረዳት በነበረኝ እንግሊዝኛ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ወዲያው ተከራከረኝ። አባቴ ትልልቁን እንጂ ጠጠሩን አያስለቅመንም ነበር፤ ጠጠር አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቀዋል፣ እርጥበቱንም ይይዝለታል ብሎ ያምናል። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። “አባትህ ኮምባይነር የለውም” አለኝ። እውነቱን ነው።

ወደ መላሱ ልመለስ። ጋሼ የሚፈልገው አጌት ነበር።

ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ዛሬ ሌክ ሱፒሪየር የሚባለው ታላቅ ሐይቅ ያለበት ምድር ለሁለት ሊከፈል ጀምሮ ነበር፤ ልክ እንደ እኛ ስምጥ ሸለቆ። ነገሩ ከዳር ሳይደርስ ቆመ፤ እስኪቆም ድረስ ግን ስንጥቁ ብዙ ቅልጥ ድንጋይ አፈሰሰ። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው የጋዝ አረፋ ባዶ ቀዳዳ ጥሎ ቀረ። ጥሩ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ያየ ሰው ይህንን ለመረዳት ጂኦሎጂ መማር አያስፈልገውም። በእነዚያ ዓይኖች ውስጥ ሲሊካ ያዘለ ውሃ ሽፋን በሽፋን እየረጋ ሞላቸው፤ ብረት ደግሞ ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ሰጣቸው። ዘመን ጥቁሩን ድንጋይ ሲያፈራርሰው፣ ዓይኑ ውስጥ የረጋው ጠንካራ ስለሆነ ተረፈ። ከዚያ የበረዶ ግግር መጣና ከሐይቁ ጎድጓዳ እየዛቀ እያንከባለለ ወደ ደቡብ በየማሳው በተነው። ከወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓልም በዘር ከዚሁ ወገን ነው፤ እሱም ሲሊካ ነው። ሚኒሶታ አጌትን የግዛቷ የከበረ ድንጋይ ብላ በሕግ ያጸደቀችው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህንን የነገረኝ ጋሼ ግን ከሕጉ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ገና በልጅነቱ መሰብሰብ ጀምሯል።

አጌት ሲታይ አያምርም። ከላይ ጎርበጥባጣ፣ አቧራ የለበሰ፣ ከድንች የማይሻል ነገር ነው። ለዚህ ነው የሚላሰው፤ ሲረጥብ ቀለበቶቹ ይወጣሉ። ዝናብ ያባራ ዕለት መላስ አያስፈልግም፤ ማሳው ራሱ ታጥቦ ይጠብቅሃል። ጋሼ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን አካሄድ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ፊትህን ወደ እሷ አዙረህ ሂድ፣ አለኝ። ሌላው ድንጋይ ብርሃኑን ይመልሰዋል፤ አጌት ያሳልፈዋል። ከሰዎቹ ጋር ሆኜ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ አሥር ቀን ስለቅም ምንም አላየሁም። በአሥራ አንደኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሥራ ካበቃ በኋላ፣ ብቻዬን ወደ ምዕራብ ሄድኩ። ከሃያ እርምጃ በኋላ አመድ ውስጥ እንደ ቀረ ፍም የሚመስል ነገር አየሁ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። የዶሮ እንቁላል ያህላል። ግራ ቀኝ አየሁና፣ እኔም ላስኩት።

ድንጋይን እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው በሥራው ነበር። ጉልቻ ድስት ይሸከማል። መጅና ወፍጮ እህል ይፈጫል። የወንጭፍ ጠጠር ዝንጀሮ ያባርራል። የቤተ ክርስቲያናችን የድንጋይ ደወል ደግሞ ያናግራል። ሥራ የሌለው ድንጋይ ጠላት ነው፤ ይለቀምና ይጣላል። ምንም የማይሠራ ድንጋይ ይዞ፣ ቀለበቶቹን እየቆጠሩ መቆም የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። እጄ ላይ ያለው ደግሞ የእኔ አልነበረም። ማሳው የጋሼ ነው፤ በዚያ አገር ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አንዲት ጠጠር አይነሳም። ኪሴ ከተትኩት።

ለሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ከበደኝ። ጾም ባይሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ። በሆሳዕና ዋዜማ ምሳ ሰዓት ላይ አውጥቼ ሰጠሁት። “ማሳህ ላይ ነው ያገኘሁት” አልኩት። ላሰው፤ አየው፤ ብዙ ጊዜ ፈጀ። አገላብጦ በሹክሹክታ የሆነ ነገር አለ። እኔ እንደሚሆን የገመትኩት፣ እንደ ፊልም፣ “ያንተ ነው፤ ያዘው” እንደሚለኝ ነበር። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ ወደ ትራክተሩ ሄደ። በማግስቱ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ አየሁት። ለአንድ ሳምንት ያህል አኮረፍኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ትክክል ነበር፤ ድንጋዩ የእሱ ነው፤ እኔን ደግሞ እንደ ልጅ አላባበለኝም። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አሳየዋለሁ፤ አንዳንዱን ይወስዳል፣ አንዳንዱን ይመልስልኛል። መለኪያው ምን እንደ ሆነ ሳይገባኝ ቀረ።

በፋሲካ ማግስት ለእናቴ ደወልኩ። ያኔ ደጀን ለመደወል ለጎረቤት ስልክ ቀጠሮ ይያዛል፤ የስልክ ካርዱ ደቂቃ ደግሞ እንደ ሻማ ነው። በዓሉን፣ ዶሮውን፣ የአባቴን ጉልበት ከጠያየቅን በኋላ ስለ ድንጋዩ ነገርኳት። ስሙን ለመንገር አስቀድሜ ተዘጋጅቻለሁ፤ እንግሊዝኛውንና አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ገልጬ አጌት ከኬልቄዶን ዘር መሆኑን አግኝቻለሁ። “ኬልቄዶን?” አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። “የራእዩ? ሦስተኛው መሠረት?” ፊደል አልቆጠረችም፤ አሥራ ሁለቱን የአዲሲቱን ኢየሩሳሌም የመሠረት ድንጋዮች ግን ሲነበብ እየሰማች በቃሏ ይዛለች። “እና ገበሬው እሱን ነው እንዴ ከማሳው እያስለቀመ የሚጥለው?” አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ካርዱ አለቀ።

ግንቦት ገብቶ ሥራው ሊያበቃ ሲል ነው ሌላውን ያገኘነው። ከግራናይቱና ከጥቁሩ ድንጋይ መሀል አንድ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነበር፤ ገለበጥኩት፤ ፊቱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ፣ እንደ ማራገቢያ የተሸነሸኑ ዛጎሎች ተለጥፈዋል። ጋሼ ከየት እንደ መጣ ሳያመነታ ነገረኝ፤ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከካናዳ ወገን፣ ከዊኒፔግ አካባቢ። በረዶ ነው ያመጣው። ዛጎሎቹ ከ440 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ያኔ ያ ሁሉ የበቆሎ አገር ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር።

ድንጋዩን ይዤ ደነገጥኩ፤ ዛጎሎቹ ግን እንግዳ አልሆኑብኝም። አያቴ ቤት በሩን ደግፎ የሚይዝ፣ ድፎ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ ነበር። አያቴ ወንዱ በበቅሎ ከዓባይ በረሃ ያመጣው ነው፤ ለምን እንዳመጣው ማንም አያውቅም። ፊቱ ሁሉ ዛጎል ነው። አያቴ ለካህናቱ “የጥፋት ውሃ የተወው ነው” ትላለች፤ ለእኛ ለልጆች ግን ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን የተጋገረ፣ ሳይበላ የቀረ ዳቦ ነው ትለናለች። እኔ ሁለተኛውን ነበር የማምነው። ጥርሴን አሳርፌበት አውቃለሁ። የዓባይ በረሃ ግድግዳ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ወረድ ሲል የባሕር ኖራ ድንጋይ ነው፤ በግምት የ150 ሚሊዮን ዓመት ነገር። ይህንን ያወቅሁት ሚኒሶታ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ያደግሁት ከገደሉ አፋፍ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው።

ጋሼ ከየት እንደ መጣሁ ሲሰማ በመጀመሪያው ቀን “ከሉሲ አገር!” ብሎኝ ነበር። እንዴት ነች አለኝ፤ ዘመዴ እንደ ሆነች ሁሉ። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ስማር በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በር በታክሲ ያላለፍኩበት ሳምንት የለም። አንድ ቀን አልገባሁም። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ሐዳር ላይ ስለ ተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስላስቆጠረችው ድንቅነሽ፣ የሚኒሶታ ገበሬ ከእኔ የበለጠ ያውቅ ነበር። ደህና ነች አልኩት።

በረዶ ድንጋይ ተሸክሞ አገር ይሻገራል የሚለውን ነገር በመጀመሪያ አላመንኩም። ውፍረቱ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር በረዶ! ያላመንኩት እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳነብ ተጽናናሁ። በ1815 እ.ኤ.አ. ዣን ፒየር ፔሮዳን የሚባል የስዊስ ተራራ አዳኝ፣ በሸለቆው ውስጥ ያሉትን የባዕድ ቋጥኞች ያመጣቸው የበረዶ ግግር ነው ብሎ ለሻርፓንቲዬ ለሚባል ምሁር ነገረው። ምሁሩ በልቡ አልተቀበለውም፤ ከዓመታት በኋላ ነው የተመለሰበት። በ1840 ሉዊ አጋሲ ይህንኑ በመጽሐፍ አውጥቶ ዝነኛ ሆነ፤ በሰሜን ምዕራብ ሚኒሶታ በረዶው ሲቀልጥ ተኝቶ የነበረው፣ ዛሬ የደረቀው ግዙፍ ሐይቅ እንኳ በእሱ ስም ይጠራል። በፔሮዳን ስም የተጠራ ሐይቅ አልሰማሁም። ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ የኖረው ግን እሱ ነው።

ከዚያም በላይ የገረመኝ የባሌ ነገር ነው። ሰነቲ አምባ ላይ በዚያው የበረዶ ዘመን የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር፤ የአርሲና የስሜን ተራሮችም የየራሳቸው ነበራቸው። ሰነቲ ላይ ዛሬም ድንጋዮች እንደ እርሻ ፈር ተሰልፈው ይታያሉ፤ ያሰለፋቸው የቅዝቃዜው መርጋትና መቅለጥ ነው። ጋሼ ይህንን ብነግረው ደስ ይለው ነበር። ሳውቀው ግን እሱ አልነበረም።

በ2003 ዓ.ም. ነው ያረፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጄን ይዤ ወደ እርሻው ሄድኩ። አዲሱ ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ እንድንዞር ፈቀደልን። ድንጋዩን አሁን የሚለቅመው ማሽን ነው። የዛፎቹ ሥር ግን ባዶ ነበር። ክምሩ የለም። በከተማ ዳር የሚሠሩ ቤቶች ግቢያቸውን በማሳ ድንጋይ ማስጌጥ ስለሚወዱ በጭነት መኪና ተሸጦ ሄዷል፤ የአያቱም፣ የአባቱም፣ የእሱም፣ የእኔም። የስንት እንደ ተሸጠ መጠየቅ አምሮኝ ነበር። ልጄ አንድም አጌት አላገኘችም፤ ያላላሰችው ድንጋይ ግን አልነበረም።

ደጀን የተመለስኩት በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። አያቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ቤቱ ፈርሶ ወንድሜ በቦታው ቆርቆሮ ክዳን ያለው አዲስ ቤት ሠርቷል። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የበሩን ድንጋይ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበ። “መሠረቱ ውስጥ ገብቷል” አለኝ። “ጥሩ ድንጋይ ነበር እኮ፤ ለምን ይጣላል?” በየትኛው ማዕዘን እንደሆነ አያስታውስም። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ዙሪያው በሲሚንቶ ተለስኗል።

በማግስቱ ወንድሜን ይዤ በመንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ከመታጠፊያዎቹ አንዱ ጋ መኪናውን አስቆምኩና ከተቆረጠው ግድግዳ ሥር መፈለግ ጀመርኩ። ፀሐይዋ ከጎህ ጽዮን ማዶ ገና ብቅ ማለቷ ነው፤ ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩ። ወንድሜ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ታላቁ ምን እንደ ጠፋበት ሳይገባው ይጠብቀኛል። አንድ ነጣ ያለ ድንጋይ አነሳሁ፤ አቧራ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም። በሸሚዜ ጠረግሁና ላስኩት።

“ጋሼ፣” አለኝ ወንድሜ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ጾም ላይ አይደለንም እንዴ?”